ለሚቀጥለው ንባባችን ወደ ዌልስ ብናይስ?

ሰላም ውድ አባላት፣

ለልጆቻችን ምን እናንብብ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ እኔ ዘንድሮ ወደ ዌልስ እንሂድ ባይ ነኝ። እዚያ «ቲር ና ኖግ» የሚባል የልጆችና የወጣቶች መጻሕፍት ሽልማት አለ። የተጀመረው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን አዘጋጁ የዌልስ የመጻሕፍት ምክር ቤት ነው።

በዌልስኛ ለተጻፉት ሁለት ዘርፍ አለ፤ አንዱ ለአንደኛ ደረጃ፣ ሌላው ለሁለተኛ ደረጃ ዕድሜ። ለእንግሊዝኛ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። እሱም ቅድመ ሁኔታ አለው፦ መጽሐፉ እውነተኛ የዌልስ መቼት ሊኖረው ይገባል። የአገሩን ስም ጠቀስ አድርጎ ማለፍ አያዋጣም። ይህን ደንብ በጣም ወድጄዋለሁ። እንግሊዝኛ መጽሐፍ መቼም ገበያ አያጣም። ዌልስኛን ግን በ2021 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ እችላለሁ ያለው 538 ሺህ ገደማ ሰው ነው። ለዚህ አንባቢ የሚጽፍ ደራሲ ማበረታቻ ቢያገኝ ሲያንሰው ነው!

እንግዲህ ከእንግሊዝኛው ዘርፍ የመጨረሻ ዕጩዎች አንድ አንድ መጽሐፍ ምረጡ። ከመግዛታችሁ በፊት ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። ምርጫችሁን እስከ እሁድ ማታ ላኩልኝ። ትልልቆቹ ልጆች ራሳቸው ቢመርጡ ደግሞ የተሻለ ነው።