ሄሊኮፕተሩን ተዉትና ቦዩን ድፈኑ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢንዶኔዥያ የደን ሚኒስቴር

ለኢንዶኔዥያ የደን ሚኒስቴር
ጃካርታ

ክቡራን ሆይ፣

ደብዳቤው ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ለዚያውም በአማርኛ። የደን ቃጠሏችሁ ጭስ ማሌዥያና ሲንጋፖር ሲገባ ቪዛ ስለማይጠይቅ የእኔም ደብዳቤ ድንበር ቢሻገር ቅር አይላችሁም ብዬ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

በቀጥታ ልናገር። እሳት በተነሳ ቁጥር ሄሊኮፕተር ታስነሳላችሁ፣ ዝናብ እንዲጥል ደመና ላይ ጨው ትበትናላችሁ፣ ወታደር ታሰማራላችሁ፣ ጥቂት ገበሬዎች ታስራላችሁ። ከዚያ ዝናቡ ይመጣና ነገሩ ይረሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ዋናው ሥራ ያለው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ዝናብ በሚጥልበት ወቅት ነው፤ ሥራውም ውሃውን መሬቱ ላይ ማቆየት ነው።

እርጥብ የሐሩር ደን እንዲሁ ብድግ ብሎ አይነድም። በሱማትራ ደሴትና በካሊማንታን (የቦርኒዮ ደሴት የኢንዶኔዥያ ክፍል) የከፋው ጭስ የሚወጣው ከዛፉ ሥር ካለው አፈር ነው። ፒት ይባላል። በቅጡ ያልበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና ግንድ ውሃ ውስጥ ተኝቶ በሺዎች ዓመታት የተከማቸ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ከ10 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እርጥብ ሳለ እፍኝ ዘግነው ቢጨምቁት ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲፈስ ግን ያው አፈር ማገዶ ይሆናል። እሳቱ ወደ ታች ይገባና ነበልባል ሳያሳይ ለሳምንታት ይጨሳል፤ መሬቱ ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ከጫማው ሥር እየነደደ ሊሆን ይችላል። ሥሩ የተበላ ዛፍ ደህና መስሎ ቆይቶ ድንገት ይገነደሳል። እሳት አጥፊው ቱቦውን መሬት ውስጥ ሰክቶ አፈሩ ጭቃ እስኪሆን ውሃ ይሞላል፣ በማግስቱ ጭሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ብቅ ይላል። ከላይ የሚደፋ ውሃ ለዚህ ብዙም አይፈይድም።

ይሄን እኮ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የያኔው ፕሬዚዳንት የሱሃርቶ መንግሥት በ1990ዎቹ አጋማሽ ማዕከላዊ ካሊማንታን ውስጥ 1 ሚሊዮን ሄክታር ረግረግ ላይ ሩዝ አበቅላለሁ ብሎ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ቦይ አስቆፈረ። ሩዙ እንደታሰበው አልሆነም። በ1997 ድርቅ የሚያስከትለው የአየር ንብረት ክስተት ኤልኒኞ ሲመጣ የደረቀው መሬት ነደደ። በ2015 ደግሞ በመላ አገሪቱ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ተቃጠለ፤ ዓለም ባንክ ኪሳራውን 16 ቢሊዮን ዶላር ያህል ብሎ ገመተው። የማዕከላዊ ካሊማንታን ዋና ከተማ ፓላንካራያ ውስጥ ቀኑ ቢጫ ሆነ። ከ300 በላይ ሲሆን አደገኛ የሚባለው የአየር ብክለት መለኪያ 2,000 አካባቢ ደረሰ። ያንን አየር ሕፃናትም ናቸው የተነፈሱት።

እውነቱን ለመናገር ዝም ብላችሁ አልተቀመጣችሁም። የ2002ቱን የአሴያን (የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር) የጭስ ስምምነት 12 ዓመት ዘግይታችሁም ቢሆን አጽድቃችኋል። በ2016 የፒት መሬት መልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ተከፈተ፣ በሚታረስ ፒት ላይ ውሃው ከመሬቱ ወለል ከ40 ሳንቲ ሜትር በታች እንዳይወርድ የሚለው የ2014 ደንብም በዚያው ዓመት ተሻሻለ። ደንቡን ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም በሜትር የሚለካ ነገር ነው። ግን በ2019 እንደገና 1.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሲነድ፣ ያ 40 ሳንቲ ሜትር የት ሄዶ ነበር? የዘይት ፓልምና ለወረቀት የሚሆን ዛፍ የሚተክል ድርጅት ሥሩ በውሃ እንዲዋጥበት አይፈልግም፤ ቦዩን ክፍት ማድረግ ይጠቅመዋል። ስለዚህ የውሃውን ልክ እሱ ራሱ ለክቶ የሚያሳውቅ ከሆነ፣ ቢያንስ ቁጥሩን ከይዞታው ካርታ ጋር ሁላችንም እንየው።

ገበሬውንም አትርሱት። ሕጋችሁ ራሱ አንድ ቤተሰብ በባህሉ መሠረት እስከ 2 ሄክታር እንዲያቃጥል ይፈቅዳል። ክብሪት ርካሽ ነው፣ አመዱም የአፈሩን አሲድ ይቀንስለታል። ኤክስካቫተር መከራየት ለማይችል ሰው «አታቃጥል» ብቻ ማለት ቀልድ ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቀጣዩ ደረቅ ወቅት ሳይገባ፣ ከዚያ የሩዝ ፕሮጀክት ቦዮች ስንቱ እንደተደፈነና ስንቱ ክፍት እንደሆነ በየወረዳው ዘርዝራችሁ አውጡ። ስንት ሄሊኮፕተር እንዳላችሁ አልጠየቅኩም።

ከአክብሮት ጋር