«አንተ ምን አገባህ?» ላሉኝ ኃላፊ

ለክቡር የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ኃላፊ፣

የቢሮዎን ስም አልጠራም፤ እርስዎ ያውቁታል። «እንደምን ሰነበቱ» ብዬም አልጀምርም። ደጅ በጠናሁባቸው ቀናት ሁሉ ፀሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ ስለነበር እንዴት እንደሰነበቱ አውቃለሁ።

ጉዳዩ የደሴቷ ነው። ሐይቁ ውስጥ ያለችው፣ አሁን በቆርቆሮ የታጠረችው። ደሴቷን ከየብስ የሚለያት ውሃ በበጋ ከጉልበት አያልፍም። ለማያውቀው ሰው ጭቃ ነው። ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው ግን እዚያ ነው። ወንዱ በደንገሉ ዳር መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ሲኖትራኮቹ ገረጋንቲ የሚደፉት ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ደሴቷ ላይ ለሚሠራው ሎጅ መንገድ ይሆናል ተብሎ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቆሜ ቆጠርኩ። እስከ ስድስት ሰዓት 14 ሲኖ ገለበጠ። ደንገሉ ከገረጋንቲው ሥር ጫፉ ብቻ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

አቤቱታዬን ጽፌ መጣሁ። መዝገብ ቤት ተቀበሉኝ። የገቢ ቁጥር ስጠይቅ «ቁጥሩ ከላይ ሲመራ ይሰጥሃል» ተባልኩ። ከላይ የተባለው እርስዎ ኖት መሰለኝ። በሳምንቱ ኮሪደር ላይ አገኘሁዎት። ያሉኝን አልረሳሁም፤ እርስዎም የረሱ አይመስለኝም።

«እዚያ ይዞታ አለህ?»

«የለኝም።»

«ዓሣ አስጋሪ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ አንተ ምን አገባህ?»

ከዚያ ወደ ስብሰባዎ ገቡ።

ክቡርነትዎ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጠረጴዛዎ ላይ እንደማይጠፋ እገምታለሁ። አንቀጽ 11ን አንድ ጊዜ ይግለጡልኝ። ማንኛውም ሰው በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ አቤት ሲል፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። «ምን አገባህ» የሚለውን ጥያቄ ሕጉ ራሱ ከአፍዎ ወስዶታል። እርስዎ ግን መልሰው አነሱት።

ስለ ሎጁ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናትም ጠይቄ ነበር። ባለሙያዎ «የተፅዕኖ ግምገማው ተሠርቷል፣ ጸድቋል» አለኝ። ልየው ስለው «የውስጥ ሰነድ ነው» አለ። የዓሣ ጎጆ ከመቼ ወዲህ ነው የመንግሥት ምስጢር የሆነው? የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰብሰብበት ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ጉዳዩ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። ማንን ጠየቃችሁ? የደሴቷን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ቆርቆሮው ሲመታ ነው የሰሙት።

ሎጁ ሥራ ይፈጥራል የሚለውን ሰምቻለሁ። ይፍጠር። ሎጅ ጠላቴ አይደለም። ግን በሕጉ ይሠራ።

እንዲህ ያለ አቤቱታ የትም አይሳካም የሚል ወዳጅ አለኝ። የላሙን ነገርኩት። ወደባችን ይሆናል እየተባለ ስሙን የለመድነውን የኬንያውን ላሙ ማለቴ ነው። ጥንታዊቷ ከተማ ደሴት ላይ ነች፤ ዩኔስኮ በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ከእሷ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ የባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ 1,050 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ሊተከል ነበር። ፈቃዱም ወጥቶ ነበር። «ሴቭ ላሙ» የተባለው ስብስብና ነዋሪዎች ፈቃድ የሰጠውን መሥሪያ ቤት ከሰሱት። የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳዮች ዳኝነት አካል ሰኔ 2011 ዓ.ም. ፈቃዱን ሰረዘው። ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በጥናቱ ላይ በወጉ አለመሳተፉ ነበር። በስብሰባ ስለ ፕሮጀክቱ ለመግቢያ ያህል ተነግሮት ነበር፤ ጥናቱን አይቶ አልተናገረበትም። በኬንያም ለአካባቢው ብሎ የሚከስ ሰው ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ይህንን በሕገ መንግሥታቸው ያሰፈሩት በ2002 ነው። እኛም ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብለን በአዋጅ ጽፈነዋል። በወረቀት አናንሳቸውም፤ ኮሪደር ላይ ነው የቀረነው።

ብዙ አልጠይቅም። ጥናቱን አውጡት። እስኪታይ ድረስ ሲኖዎቹ ይቁሙ።

አንቀጽ 11 ቀንም ቆጥሯል። እርስዎ ለመወሰን 30 ቀን ነበርዎት። አቤቱታዬ ከገባ ዛሬ 47ኛ ቀኑ ነው። ዝም ካሉኝ ደግሞ ክስ ለመመሥረት 60 ቀን ተሰጥቶኛል። 17ቱ አልፈዋል። 43 ቀን ቀርቶኛል፤ ያን ያህል የምቆይ ግን አይመስለኝም፤ የክሱ ረቂቅ አልቋል።

መዝገብ ሲከፈት ቁጥሩን እኔው አመጣልዎታለሁ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ቁጥር የሚሰጠው በዚያው ቀን ነው።

አቤቱታ አቅራቢው፣ ምንም ያላገባው