የሙዚቃ ማድመጥ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ ከአምስት ኮንቼርቶዎች ጋር

የሙዚቃ ማድመጥ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ቅጂ መረጠ። ዓመቱን ሙሉም እሱኑ ሰማን። ቅጂው ጀርመናዊቷ ቫዮሊኒስት ኢዛቤል ፋውስት የሞዛርትን አምስት የቫዮሊን ኮንቼርቶዎች የተጫወተችበት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የሚያጅባት ኢል ጃርዲኖ አርሞኒኮ የተባለው የሚላኖ ኦርኬስትራ ሲሆን፣ መሪው ጆቫኒ አንቶኒኒ ነው። በ2017 ግራሞፎን የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ብሎ ሸልሞታል።

ለምን አንድ ብቻ? ብዙ ባልደረቦቼ ጠይቀውኛል። ልጆቻችን በቀን የሚሰሙት ሙዚቃ ልክ የለውም። ግን አንዱን ዘፈን ሳይጨርሱ ጣታቸው ወደ ሌላው ያልፋል። እኔ የፈለግሁት አንድን ሥራ እስኪለምዱት፣ ከዚያም አልፎ በልባቸው እስኪይዙት እንዲሰሙት ነው። መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ። ኅዳር ላይ ግን እነሱ ራሳቸው «እስቲ ያቺን ቦታ ድገሚልን» ማለት ጀመሩ።

ኮንቼርቶ አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር እየተቀባበለ የሚጫወትበት ድርሰት ነው። ሞዛርት የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1773 ሲጽፍ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ሌሎቹን አራቱን በ1775፣ ከጁን እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ፣ ዛልስበርግ ላይ ጻፋቸው። ያኔ 19 ዓመቱ ነው። ይህን ስነግራቸው የ12ኛ ክፍሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባቱ ሌኦፖልድ የታወቀ የቫዮሊን መምህር ነበር። ያሳተመው የቫዮሊን መማሪያ መጽሐፍ የወጣው ሞዛርት በተወለደበት በ1756 ነው። ፋውስትም በ15 ዓመቷ፣ በ1987፣ አውግስቡርግ ላይ ያሸነፈችው በዚሁ በሌኦፖልድ ስም የተሰየመውን ውድድር ነው።

የዚህ ኦርኬስትራ ድምፅ ከለመድነው ይለያል። የሚጫወቱት በሞዛርት ዘመን በነበሩት ዓይነት መሣሪያዎች ነው። የቫዮሊኖቹና የቼሎዎቹ አውታር ከእንስሳት አንጀት የተሠራ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት በገና የምትማር አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ይህን ስትሰማ እጇን አወጣች። የበገናም አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ ለክፍሉ አስረዳች። በሚቀጥለው ሳምንት በገናዋን ይዛ መጣች። አንዱን አውታር መታ አድርጋ ድምፁ እንዴት እንደሚረግብ አሰማችን። ከዚያ ወዲያ የብረቱን አውታር ጥርት ያለ ድምፅ ከአንጀቱ ለስላሳ ድምፅ ለመለየት እኔ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከአምስቱ ብዙ የቆየነው ሦስተኛውና አምስተኛው ላይ ነው። የሦስተኛው ዝግተኛ ክፍል ሲጀምር አንድ ልጅ ስፒከሩ የተበላሸ መስሎት ተነሥቶ ነበር። ስፒከሩ ደህና ነው። ሞዛርት እዚያ ላይ ቫዮሊኖቹ የድምፅ ማፈኛ እንዲያደርጉ ያዛል። ባሶቹ በደጋን ሳይሆን በጣት ይጫወታሉ። ኦቦ የተባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች ወጥተው ፍሉቶች ይገባሉ። በእኔ አስተያየት ከአምስቱ ሁሉ እንደዚያ የሚያምር ቦታ የለም።

አምስተኛው ደግሞ በመጠበቅ ይጫወታል። ኦርኬስትራው ፈጠን ብሎ ይጀምራል። ብቸኛዋ ተጫዋች በዚያው ፍጥነት ትገባለች ብለን ስንጠብቅ ሁሉም ነገር ይረግባል። ፋውስት በዝግታ፣ ለራሷ የምታንጎራጉር ይመስል፣ ጥቂት መስመር ተጫውታ ከዚያ በኋላ ነው የምትነሣው። የመጨረሻው ክፍል መሐል ላይ በዚያ ዘመን ቪየና ውስጥ ፋሽን የነበረውን የቱርክ ወታደራዊ ሙዚቃ የሚያስመስል ቦታ አለ። ልጆቹ ከበሮ ሰማን ብለው ተከራከሩ። ኦርኬስትራው ውስጥ ግን ከበሮ የለም። ቼሎዎቹና ባሶቹ አውታሩን በደጋኑ እንጨት እየመቱት ነው። አንድ ቀን እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። ልጆቹ ጠረጴዛ እየመቱ በአፋቸው ጨረሱት። በእውነት ነው የምለው፣ ስንቱን በልባቸው እንደያዙት ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር ግን ካዴንዛ ላይ የተነሣው ነው። ካዴንዛ ኦርኬስትራው ቆሞ ተጫዋቹን ብቻውን የሚተውበት ቦታ ነው። ሞዛርት ለእነዚህ ኮንቼርቶዎች ካዴንዛ ጽፎ አልተወልንም። ስለዚህ ማንም የሚጫወታቸው ሰው ያንን ባዶ ቦታ የሚሞላበት ነገር ማግኘት አለበት። ለፋውስት ቅጂ ካዴንዛዎቹን የጻፈው የጥንት ፒያኖና የሃርፕሲኮርድ ተጫዋቹ አንድሬያስ ሽታየር ነው። እኛም ቅጂውን እዚያ ቦታ ላይ እያቆምን ልጆቹ በተራ እንዲሞሉት አደረግን። አንዷ አንጎራጎረች፣ አንዱ በፉጨት ሞከረ። ማሲንቆ የሚጫወት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን የሞዛርትን መነሻ ዜማ ወስዶ ቀስ በቀስ ወደ አምባሰል ወሰደው። መጨረሻ ላይ አንዲት ድምፅ ይዞ ቆየ። ሌሎቹም ኦርኬስትራ ሆነው በአፋቸው ተቀበሉት።

ክርክሩ ከዚያ ተነሣ። «ይሄ ሞዛርት አይደለም» ያሉ ነበሩ። «የሽታየርስ የሞዛርት ነው እንዴ?» የሚል መልስ መጣ። ክርክሩ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዘለቀ። የእኔን ሐሳብ ሲጠይቁኝ ያልኳቸው ይህ ነው፦ ካዴንዛው ከዜማው መነሣትና ወደ ዜማው መመለስ አለበት፤ መሐሉ ግን የተጫዋቹ ነው። የማሲንቆው ልጅ ሁለቱንም አድርጓል። ሁሉም አልተስማማም። የተቃወሙት ሐሳባቸውን ጽፈው በሚኒ ሚዲያ እንዲያነቡት አደረግን፤ ጥሩ ጽሑፍም ነበር።

በወላጆች ቀን የበገናዋ ልጅና የማሲንቆው ልጅ የሠሩትን አቀረቡ። ስፒከሯን ላዋሱን ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችንና ሰዓቷን ለለቀቁልን ለስፖርት ክበብ ምስጋናችን ይድረስ።

የሚመጣውን ዓመት ሥራ የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። አንዲት ልጅ «በሞዛርት ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ጥቁር ሙዚቀኛ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ነበር። ሼቫሊዬ ደ ሳን ዦርዥ በ1745 ጓዴሉፕ ደሴት ላይ ተወለደ። እናቱ አፍሪካዊ ዘር ያላት ባሪያ ነበረች፤ አባቱ ፈረንሳዊ የእርሻ ባለቤት ነው። ፓሪስ ውስጥ በሰይፍ ግጥሚያም በቫዮሊንም ስመ ጥር ሆነ። ኦርኬስትራ መራ፤ ሞዛርት በጻፈበት በ1770ዎቹም የቫዮሊን ኮንቼርቶዎችን ጻፈ። መስከረም ላይ የምንጀምረው በእሱ ነው። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንገናኛለን። ለመግባት መሣሪያ መጫወት መቻል አያስፈልግም፤ የ9ኛ ክፍል አዲስ ተማሪዎችም መምጣት ትችላላችሁ።