ሌሊቱን ቱቦ ለጠበቃችሁ

ለፊስቱላ ክፍል ረዳቶች፣ ለእህቶቻችን

ግንቦት 15 የዓለም የወሊድ ፊስቱላ ቀን ነው። በዕለቱ መድረክ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ይገባዋልም። እኛ የክፍሉ ነርሶችና አዋላጆች ግን ዘንድሮ ምስጋናችን ለእናንተ ነው፤ ታካሚ ሆናችሁ ገብታችሁ ዛሬ ጋውን ለብሳችሁ ለምታስታምሙት። ቀዳዳውን መስፋት ብዙ ጊዜ የሰዓታት ሥራ ነው። ስፌቱ መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ባሉት 10 እስከ 14 ቀናት ነው፤ እነዚያ ቀናት ደግሞ በእናንተ እጅ ናቸው።

ፊስቱላ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፦ ምጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛዋን ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል፣ በቀናት ውስጥ ተልጦ ሲወድቅ ቀዳዳ ይተዋል፣ ሽንት ሌት ተቀን ይፈሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ሳይኖር ጠረኑ ጎረቤቱን ያርቅባታል።

በመጀመሪያ ስለ ውኃው እናመስግናችሁ። ሽንቱ ይቀንስልኛል ብላ ውኃ መጠጣት የተወች ሴት ናት ወደ ክፍሉ የምትገባው። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሽንቱ ይወፍራል፣ ጭኗን ይልጣል፣ ፊኛዋ ውስጥ ጠጠር ይሠራል፣ ከኦፕራሲዮን በኋላም ዝቃጩ ቱቦውን ይደፍናል። እኛ ስንነግራት «እሺ» ትላለች፣ ጆጉ ግን እንደሞላ ያድራል። እናንተ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ «እኔም እንዳንቺ ፈርቼ ነበር፣ ጠጪ» ስትሏት ትጠጣለች። በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር፣ ሽንቱ እንደ ውኃ ጠርቶ እስኪወርድ። ይህን በትምህርት አላገኘነውም።

ከዚያ ከኦፕራሲዮን በኋላ ሽንቱን ከፊኛዋ ወደ ባልዲ የሚያወርደው ቱቦ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእጅ ባትሪ ከአልጋ አልጋ እየዞራችሁ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል የምታዳምጡትን ነው የምንለው። ጠብታው ከቆመ ፊኛው ይሞላል፣ ይወጠራል፣ አዲሱ ስፌት ይቀደዳል፤ የብዙ ወር ጥበቃ በአንድ ሌሊት ይበላሻል። ቱቦው ከጭኗ ሥር ተጫነ ወይስ ታጠፈ፣ ባልዲው ከፍራሹ በታች ነው ወይስ ከፍ ብሏል፣ ከእምብርቷ በታች ጠጠር ብሏል ወይ፣ አንሶላው ረጥቧል ወይ ብላችሁ በተራ ታያላችሁ። ቱቦው ቀጥ ተደርጎም ካልወረደ ነርሷን ትቀሰቅሳላችሁ እንጂ ራሳችሁ አትነካኩትም። እኛም በንጹሕ የጨው ውኃ፣ በስሪንጅ፣ ሳንገፋ በቀስታ እናጥበዋለን። በኃይል የተገፋ ውኃ ስፌቱን ይጎዳልና ለዚህ ትዕግሥታችሁ ልዩ ምስጋና አለን።

እግሯ ለተንጠለጠለባት ሴትም እንዲሁ። በምጡ ጊዜ የሕፃኑ ጭንቅላት የእግሯን ነርቭ ተጭኖት ቁርጭምጭሚቷን ማንሳት አቅቷታል፤ ወራት ተኮራምታ ተኝታ ጉልበቷ ታጥፎ ቀርቷል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እግሯን በእጃችሁ እየዘረጋችሁ፣ ደግፋችሁ በኮሪደሩ የምታመላልሷት እናንተ ናችሁ። ለደም ማነሷ ምስር ወጡንና ጎመኑን ቆማችሁ የምታስበሉትም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን፣ በኋላም የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን የመሠረቱትን ዶክተር ካትሪን ሃምሊንንና ባለቤታቸውን ዶክተር ሬጂናልድን ሁሉም ያውቃቸዋል። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ግን ታካሚ ሆነው ገብተው፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ከእነሱ ጎን ቆመው ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ። የእናንተም መንገድ ከዚያው ይቀዳል። ጥንካሬያችሁ ግን ሥቃዩ የሰጣችሁ ስጦታ ነው ሲባል አንወድም። ሥቃዩ መድረስ ያልነበረበት ነው፤ ጥንካሬው ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ የሠራችሁት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተምራችሁናል፦ «ዳነች» ለማለት አለመቸኮልን። ቀዳዳው ተዘግቶም ስትስቅ ወይም ስታስል ሽንት የሚያመልጣት አለች፤ የሽንት ማገቻ ጡንቻው ተጎድቷልና። «ኦፕራሲዮኑ አልያዘም» ብላ ስታለቅስ ልዩነቱን የምታስረዷት፣ በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት እንድትሄድና ጡንቻውን ጨብጣ እንድትለቅ የምታለማምዷት እናንተ ናችሁ። ስትሸኟትም ባሏን ጠርታችሁ፣ ዓይኑን እያያችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ግንኙነት እንደሌለ፣ ቀጣዩ ልጅ በሆስፒታል በኦፕራሲዮን እንደሚወለድ ትነግሩታላችሁ። እኛ ስንነግረው ወለሉን ነው የሚያየው።

የምጡን መርዘም አይተው ሳይዘገዩ ሪፈር ለጻፉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከረዥም ምጥ በኋላ ወዲያው ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አስገብተው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ላቆዩ የጤና ጣቢያ አዋላጆችም ምስጋናችን ይድረስ። ትንሽ ቀዳዳ በዚህ ብቻ፣ ያለ ስፌት፣ ሊዘጋ ይችላል። የሚያፈስባትን ሴት ከአውቶቡስ ሳያወርዱ ላደረሱ ሾፌሮችና ረዳቶችም እንዲሁ።

ለሌሊት ፈረቃ የጠየቃችሁት አዲስ የእጅ ባትሪ ተገዝቷል፤ ከዋና ነርሷ ቢሮ ውሰዱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክፍሉ ነርሶችና አዋላጆች