ናሙናው ተወስዷል፤ ውጤቱስ?

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከግቢያችን የተወሰደ የምርምር ውጤት እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ፣ ነፋሱ ድርቆሹን ከክምሩ ላይ እያነሳ የሚበትንበት ሜዳ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። አራት የሚታለቡ ላሞች፣ ሁለት ጊደሮችና አንዲት ጥጃ አሉኝ።

ስለ ምርምር ምን አገባት እንዳይሉኝ፣ ባለፉት ስድስት ዓመታት በግቢዬ በር የገባውን ሰው ልቁጠርልዎት። የእንስሳት ሐኪሞች ደም ቀድተዋል። የጤና ተማሪዎች ወተት በብልቃጥ ወስደዋል። ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች የላሞቼን አፍንጫ በስልክ ፎቶ አንስተዋል፤ የላም አፍንጫ እንደ ሰው ጣት የየራሱ አሻራ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የብድር ጥናት የሚሠሩ ደግሞ ቡና እየጠጡ ገቢና ወጪዬን ጠይቀው ሞልተው ሄደዋል። ሁሉንም በደስታ ነው ያስተናገድኩት፤ ዕድሜዬን ሳስተምር ኖሬያለሁና የሚጠይቅ ልጅ ደስ ይለኛል። ከአንዳቸውም ግን መልስ አልመጣም።

የቡሬን ነገር ልንገርዎት። ቡሬ ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለች ናት፤ በደህና ጊዜዋ ጠዋት አሥር፣ ማታ ስምንት ሊትር ትሰጣለች። አንድ ሐሙስ ሦስት ወጣቶች ጋዋን ለብሰው መጡ። አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ በምላጭ ላጩ። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርገው ውፍረቱን በመለኪያ ለኩና በቀጭን መርፌ ወጓት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። 72 ሰዓት መጠበቅ አለበት ብለው ነበር፤ በዚህስ አይታሙም። የላይኛው ቦታ እንደነበረ ነው። የታችኛው እንደ ግማሽ ሎሚ አብጧል። አንዱ ለካ፣ አንዱ ጻፈ፣ ሦስተኛው ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። «ምን ሆነች?» ስለው «ውጤቱ በጽሑፍ ይደርስዎታል፣ እማማ» አለኝ። ጆሮዋ ላይ ቢጫ ቁጥር ሰክተው ሄዱ። ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ።

የቀረውን የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ ናት። ምርመራው የከብት ሳንባ ነቀርሳ ነው። ከላይ የሚወጋው ከወፍ፣ ከታች የሚወጋው ከከብት ነቀርሳ ተዋሲያን የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው፤ የታችኛው እብጠት የላይኛውን ከ4 ሚሊሜትር በላይ ከበለጠ ላሟ ተይዛለች ይባላል። ልጅቷ ስልኳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከፍታ አነበበችልኝ። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተመረመሩት የወተት ላሞች 30 በመቶ ያህሉ፣ ከመንጋዎቹም ከግማሽ በላይ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። እኔ ስለ ራሴ በረት የማውቀው አንድ እብጠት ብቻ ነው፤ ስለ ዙሪያው በረት ሁሉ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ዓለም አንብቦታል።

በሽታው በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። የልጅ ልጄ ደግሞ ከጡት እንደወረደ፣ አረፋው ሳይጠፋ መጠጣት ነበር የምትወደው። ከዚያ እሑድ ወዲህ ማንም ሳያዘኝ አፈላለሁ።

ማፍላት ግን ሁሉን አያድንም። በ2008 ዓ.ም. የሆነውን መሥሪያ ቤትዎ ሳያስታውስ አይቀርም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም አፍላቶክሲን መገኘቱ፣ በ29ኙም በሊትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ መሆኑ ተሰማ። መርዙ የሻገተ መኖ ውስጥ የሚፈጠር ነው፤ በተለይ ፋጉሎ፣ የኑግ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነበር። እሳት ደግሞ አያጠፋውም። ጥናቱ ትክክል ነበር፤ በጥናቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ወሬው በማን በኩል ደረሰን በሚለው ላይ ነው። ከተማው ከእኛ ቀድሞ ሰማ። ወተት ተቀባያችን አንድ ጠዋት «ዛሬ አልወስድም» ብሎ መኪናውን አዞረ፣ ጎረቤቴም ሁለት ጀሪካን ሙሉ ቦይ ውስጥ ደፋች። ፋጉሎውን እርጥብ መሬት ላይ ከምሮ የሚሸጠው ነጋዴ ግን በማግስቱም ሱቁን ከፈተ። ፋጉሎ በክረምት እንዴት እንደሚደርቅ፣ ምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ ሻጋታው በዓይን ካልታየ በምን እንደሚለይ ሊያሳየን የመጣ የለም። ከርብራብ ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል እኔው ከባለቤቴ ጋር ተጨቃጭቀን ነው የደረስንበት።

ስለ ብድሩ በአጭሩ። መኖ በርካሹ ወቅት ለመግዛት ከአንድ በስልክ ብድር ከሚሰጥ ድርጅት ጠየቅሁ። ስልኬ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን ገንዘብ አይቶ ኮምፒውተሩ ነው አሉ የሚወስነው። ከለከለኝ። ምክንያቱን ያስረዳኝ ወጣት «የካቲትና መጋቢት ላይ ገቢዎ ይወድቃል፣ አደጋ ያለበት ደንበኛ ነዎት» አለኝ። ልጄ፣ ዐቢይ ጾም እኮ ነው! 55 ቀን አዲስ አበባ ወተት አይጠጣም፤ እኛም ወተቱን ንጠን ቅቤ እናስቀምጣለን፣ ፋሲካ ሲደርስ በሁለት ሳምንት እንሸጠዋለን፣ ያውም በጥሬ ገንዘብ። ያንን ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው እናቱ ቤት ጾም አልተጾመ ይሆን እያልኩ ማሰቤ አልቀረም።

ያም ሆኖ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ላም መያዣ ሆና መመዝገብ ትችላለች። ቡሬን ላስይዝ ብዬ ወደ ሌላ አበዳሪ ሄድኩ። «መለያ ቁጥሯ?» ተባልኩ። የጆሮዋን ቢጫ ቁጥር አነበብኩላቸው። የዚያ ቁጥር ባለቤት ማን ነው፣ የት መዝገብ ላይ ነው፣ ሲሉኝ የማውቀው ነገር አልነበረም። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ በሌላ ቁጥር ያውቃታል፤ አዳቃዩ ባለሙያ በኮርማዋ ስም ያውቃታል፤ አፍንጫዋ ደግሞ በአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ውስጥ አለች። እኔ በፋይዳ አንድ ቁጥር ሆኛለሁ፣ ላሜ ግን አራት ናት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል ሲሉኝም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚያወራው ስለ ሰው ነው አሉ።

ምርምር አይረባም ለማለት አልጻፍኩም፣ ክቡር ሚኒስትር። ቁንጮ ጤፍን እየበላን አይደል! ከዚያ በፊት የተለቀቀው ዱከም የተባለው ዝርያ ምርቱ ጥሩ ነበር፤ መልኩ ግን እንደ ነጭ ጤፍ አልነበረምና ገበያው አልወደደውም። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ገበሬው ለምን እንዳልወሰደው ሰምተው ተመለሱና ምርታማውን ከነጩ አዳቀሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ ወጣ። ሰምተው ተመለሱ፤ የምለው ይህንኑ ነው። አሁንም በእጃችን ያለ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ ለሕፃናት የምንሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለጥጆች ቢሰጥ በመንጋ ውስጥ የነቀርሳውን መተላለፍ በ90 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቷል። ጥጃዬ ወራት ሆኗታል። ማን ጋ ልውሰዳት?

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ከአርቢ ግቢ ናሙና የሚወስድ ማንኛውም ጥናት፣ የሐኪምም ይሁን የኮምፒውተር፣ ፈቃድና ገንዘብ ሲያገኝ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ለባለቤቱና ለጤና ኬላው እንዲመልስ ግዴታ ይግባ። ተማሪዎቹ ለመመለሻ የነዳጅ ገንዘብ እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወጪው ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ ይያዝ። ለገበሬው ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ምክር የሚሰጠው 8028 የስልክ መስመር አለ፤ ስለ ስንዴ የሚናገረው ስለ ቡሬም ቢናገር ምን ይለዋል? ደግሞም ሐኪሙ፣ አርቢውን የሚያጠናው፣ ሶፍትዌር ሠሪውና አበዳሪው አንድ ቀን እንኳ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ለአንዲት ላም አንድ ቁጥር ይስጧት። ሰብሳቢው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ቢሆን ይመረጣል፤ ከአራቱም ጋር የሚነጋገር ሌላ አላየሁም።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር፣ ደብዳቤዬ ያለዚህ እውነት አይሆንም። ያን እሑድ «ታማለች» ቢሉኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? አርዳት ዘንድ ካሳ የሚከፍለኝ የለም። ቡሬ የቤቴ ግማሽ ደመወዝ ናት። ምናልባት ቅዳሜ ገበያ አውጥቼ፣ ምንም ሳልናገር፣ ለሌላ ሰው እሸጣት ነበር። ጎረቤቶቼ ውስጥ ይህን ያደረገ አለ፤ ሰውየውን አልፈርድበትም። ያ ወጣት ዓይኑን ያሸሸው ይህንን አስቦ ከሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ ውጤቱ ሲመጣ ብቻውን አይምጣ፤ ምን እንደማደርግና ማን እንደሚረዳኝ አብሮ ይምጣ።

ቡሬ ኅዳር መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። ጥጃዋ እንገሩን ከመጥባቷ በፊት ባውቅ እመርጣለሁ። ቢጫው ቁጥር 0417 ነው፣ በግራ ጆሮዋ ላይ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ላም አርቢ፣ ሱሉልታ

ግልባጭ
ለግብርና ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ