ግልጽ ደብዳቤ ለጎንደር ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዎች፦ ከዛፉ ስር ያለውንም ጠብቁልን

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ሁላችሁም የክረምቱን ችግኝ እያዘጋጃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጥሩ ነው በርቱ፣ እኔ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ጉንዳን ነው፣ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም እስከመጨረሻው አንብቡልኝ።

ጉንዳን እንደኛ የሰውነቱን ሙቀት አይቆጣጠርም፣ መሬቱ ሲግል አብሮ ይግላል። አሜሪካ ሰሜኑ ላይ ባለው ሃርቫርድ ደንና ደቡቡ ላይ ባለው ዱክ ደን ውስጥ ተመራማሪዎች ጣራ የሌላቸው 5 ሜትር ስፋት ያላቸው ክፍሎች ሰርተው አየሩን ከውጪው ከ1.5 እስከ 5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቀው ለዓመታት ተከታተሉት፣ ሙቀት የሚችሉት ዝርያዎች ጎሬያቸውን ይዘው ቆዩ ለሌላውም ቦታ አልለቅ አሉ፣ የማይችሉት ግን እየተገፉ ሄዱ። ለውጡ የጎላው ደግሞ በቀዝቃዛው ሰሜን ሳይሆን በሞቃቱ ደቡብ ነው፣ እዛ ያለው ጉንዳን ድሮም የሚችለው ሙቀት ጫፍ ላይ ነዋ የሚኖረው። እዛው አገር ተራራ ላይ ደግሞ የቆላው ዝርያ ወደ ላይ ወጥቶ የደጋውን ቦታ ይዟል፣ የደጋው ከቆላው ቀድሞ በጸደይ መጀመሪያ ወጥቶ የአበባ ዘር የሚበትን ስለነበር ጉዳቱ ለተክሉም ይተርፋል።

የኛስ ጉንዳን ወዴት ይውጣ? ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት እንላለን ግን ደናችን የቀረው በየደብሩ ግቢ ነው፣ ዙሪያው እርሻና ቤት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ገብታችሁ ከጽዱ ስር የረገፈውን ቅጠል በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ጉንዳኑ ከሱ የሚበልጥ ፍሬ እየጎተተ ይሄዳል። በቀትር ከቅጥሩ ወጥታችሁ ራቁቱን መሬት ንኩት፣ እጅ ያቃጥላል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ልዩነቱ ጥላና ቅጠል ብቻ ነው!

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ አንዳንድ ቦታ ለጽዳት እየተባለ የረገፈ ቅጠል ተጠርጎ ሲቃጠል፣ የበሰበሰ ግንድ ሲነሳ አያለሁ፣ እሱ እንዲቀር ካህናቱንና ሰፈርተኛውን አነጋግሩ። ባህር ዛፍ ብቻ ሳይሆን ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ ይጨመር፣ በተለይ ከደብሮቹ ቅጥር ውጪ ተተክሎ ጥላው ይስፋ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆናችሁም በጥቂት ደብሮች ቴርሞሜትር አስቀምጡ፣ ተማሪዎች በየወሩ የትኛው ጉንዳን እንዳለ ይመዝግቡ፣ ብዙ በጀት አይፈልግም እኮ።

የዘንድሮን የችግኝ ዓይነት ከመወሰናችሁ በፊት መልሳችሁን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን፣ ለቆጠራውም ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ።

አንድ የጎንደር ነዋሪ