ፔጆዋን ከመሸጥሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት በርትቷል፤ እናትሽ አልጋዋን ግቢ አውጥታ ማደር ጀምራለች። ያንን የሐረርን ነፋሻ አየር በስልክ ስታወሪላት ቅናቷ አይጣል ነው።

ባለፈው «አባዬ፣ ይቺ መኪና ደሞዜን በላችው፣ ልሸጣት ነው» ስትይኝ ብዙ አልመለስኩልሽም። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው። መሸጥ መብትሽ ነው፤ ሊብሬው በስምሽ ነው። ግን ምርር ብሎሽ ሳይሆን አውቀሽ እንድትወስኚ እፈልጋለሁ። ፔጆዋን ጋራዥ ለጋራዥ የሚያዞራት እርጅናዋ አይደለም። ማንም ያልመረመረው አንድ ምክንያት አለ።

እስቲ የነገርሽኝን በቅደም ተከተል እይው። መጀመሪያ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ላይ ጋለች። ራዲያተሩ ያፈሳል ተብሎ ተበየደ። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ተቀየረ። ከዚያ ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘውን በር) አውጥተው ጣሉት። ከዚያ የቴስታታው፣ ማለት ከሞተሩ ብሎክ በላይ የሚታሰረው ራስ፣ ጓርኒሲዮን (በሁለቱ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቃጠለ፤ ተቀየረ፤ ብዙም ሳይቆይ አዲሱም ተቃጠለ። በየጊዜው ከፍለሻል፤ በሽታው ግን ያው አንዱ ነው። የተቃጠለውን ቀየሩልሽ፣ ያቃጠለውን ተዉት።

እኔ የጠረጠርኩት ውሃውን ነው። የድሬን ውሃ ታውቂዋለሽ። ማንቆርቆሪያው ሥር የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ እናትሽ በሎሚ ስታላቅቅ እያየሽ ነው ያደግሽው። መኪናዋ ውስጥም ያው ነው የሚሆነው። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው የሚወርድባቸው ቱቦዎች ቀጫጭን ናቸው። ያ ነጭ ኖራ ቀስ በቀስ ያጠባቸዋል፣ አንዳንዶቹንም ጭራሽ ይደፍናቸዋል። በሞተሩ ውስጥ ደግሞ ብረቱን ከውስጥ ይለብሰውና ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳይተላለፍ ያግደዋል። ሜዳ ላይ ምንም አይታይሽም። ዳገት ስትጀምሪ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ዳገቱ ደግሞ እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎን ወጥተሽ ሐረማያ ስትደርሺ ወደ 2000 ሜትር ቀርበሻል፤ ሐረር 1900 ገደማ ነው። ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ድሬ በ96 አካባቢ፣ ሐረር በ94 አካባቢ ይፈላል። ልብ በይ፤ ሞተሩ ይበልጥ የሚደክመው ውሃው ቶሎ ወደሚፈላበት ቦታ ስትወጪ ነው። ለዚህ ነው የራዲያተሩ ክዳን ተራ ክዳን ያልሆነው። ሞላና ጎማ አለው። ግፊቱን አምቆ ይይዝና ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ (ትኩስ እያለ በፍጹም እንዳትነኪው፣ ፊትሽን ይልጠዋል) ክዳኑን ክፈቺና ገልብጠሽ እዪው። የሥሩን ጎማ በጥፍርሽ ጫን አድርጊው። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይ ጠርዙን የራዲያተሩ አፍ ቦርቡሮት ከሆነ ግፊት አይዝም። ሞላውንም በአውራ ጣትሽ ግፊው። ሳይታገልሽ ከወረደ አልቆለታል። ለጓርኒሲዮን ካወጣሽው ጋር ሲተያይ የክዳን ዋጋ ከቁም ነገር አይገባም።

ሁለተኛው ጓርኒሲዮን ለምን እንደተቃጠለ ደግሞ ልንገርሽ። ያንቺ ፔጆ 404 ናት፤ የ404 ብሎክ ብረት ነው፣ ቴስታታዋ አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል። ከልክ በላይ ከጋለ ይጣመማል። በተጣመመ ቴስታታ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ማሰር ብር መድፋት ነው። ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቆረጥበት) ተወስዶ ፊቱ መስተካከል አለበት። መካኒኩን በአክብሮት ጠይቂው፦ «ቀጥ ያለ ብረት አስቀምጠህ ለክተኸዋል?» በይው። ካልለካው ይለካው። ቢቆጣም ይቆጣ።

ምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ስሠራ ያደግኩበት ሥርዓት ይሄ ነበር። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በሱ ነው። በኛ ዘመን ብዙ ዕቃ ከፋብሪካው አይመጣም ነበር፤ እዚሁ እንቆርጠዋለን። ግን የተሰበረ ዕቃ ይዘሽ ወደ ቶርኖው ስትመጪ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሰበረው?» ነው። መልስ ከሌለሽ አዲሱ አይቆረጥልሽም። ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ዕቃ) ተቃጥሎ ከመጣ ዘይቱ ለምን እንዳልደረሰው ይፈለጋል። ያ ጥያቄ ነው አሮጌዎቹን ባቡሮች ያን ሁሉ ዘመን ያስኬዳቸው። አንቺም ጋራዥ ስትገቢ ይዘሽው ግቢ።

የወጣውንም ዕቃ ጋራዥ ጥለሽ አትምጪ። ያንን የድሮ የውሃ ፓምፕ ጥለውት ይሆን? አቦ፣ እንዴት እንደቆጨኝ! አካሉ ደህና ከሆነ ኩሽኔታውና ጎማው ተቀይሮ ዛሬ በኦሪጅናል ስም ከሚሸጠው ስንቱን ያስንቃል።

በመካኒክ በኩል ዕድለኛ ነሽ። የሐረር ታክሲ ማለት ስንት ዘመን ይቺው 404 ነበረች። ፈረስ መጋላ ሄደሽ ሽማግሌ የታክሲ ሾፌር ጠይቂ፤ እጁ ፔጆን የሚያውቅ ሰው ይጠቁምሻል። ካርቡራተሩ፣ ፑንቲናው፣ ካንዴላው ሁሉም በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ ነው። ኮምፒውተር አትፈልግም። አንድ ሰው ያዢና እሱን አታስቀይሚ። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ካልሽ ማንም የመኪናዋን ታሪክ አያውቅልሽም። የተሠራውን ሁሉ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ።

አሁን የሚሠራው ይሄ ነው። ራዲያተሩ ይፈታና ቱቦዎቹ በቀጭን ዘንግ ይጠረጉ። የሞተሩም ውሃ ዝቃጩ እስኪወጣ ይታጠብ። ቴርሞስታቱ ይመለስ። ያለሱ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ሳይሞቅ ይሠራል፤ ቤንዚንም ይጨርሳል፣ ራሱንም ይበላል። ከዚያ የቧንቧ ውሃ በቃ። ኩላንቱን ለባትሪ በሚሸጠው ንጹህ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪ፤ ብቻ አሲዱን እንዳይሰጡሽ አደራ። እስከዚያ ዳገት ላይ ሙቀቱ ከፍ ካለብሽ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺው። ላብ ያጠምቅሻል፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ካልወረደ ቁሚ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብለሽ አትንጂ።

ስለ ፍሬን ግን አልደራደርም። ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርጂ ሁለተኛ ማርሽ አስገቢና ሞተሩ ይያዝሽ። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ረግጠሽ ከወረድሽ የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዙን ያቆማል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያረጀው ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆንብሻል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ገንዘብ ካጠረሽ ሌላው ሁሉ ይቆይ፣ ፍሬን አይቆይም።

ኤሌክትሪክ መኪና ብገዛስ ያልሽው ሐሳብ አይከፋም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ ወደዚያው ነው። እኔም አልቃወምሽም። ግን ገንዘቡን እስክታጠራቅሚ ይቺ ታድርስሽ፤ ዕዳ ውስጥ አትግቢ።

አንድ ነገር ብቻ አይቼ ሽጪያት የምልሽ አለ። 404 ለብቻው ሻንሲ (ከሥር የሚሸከም የብረት አጽም) የላትም፤ ወለሏና አካሏ አንድ ናቸው። ክሪክ ላይ ስትወጣ (ወፍራም ግንድ ደግፈውላት) ከሥር በባትሪ አብሪና በካቻቢቴ ጫፍ ወለሉን፣ የበሮቹን ሥር፣ ሞላዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ እየወጋሽ ፈትሺ። ጠጣር ድምፅ ከሰጠ ጤና ነው። ካቻቢቴው ከገባ፣ ወይ ቀለሙ ተነስቶ ከሥሩ ስቱኮ (ቀዳዳ መድፈኛ ልጥፍ) ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። ሞተር ወርዶ ይታደሳል፣ ካምቢዮ (የማርሹ ሳጥን) ይቀየራል። የበሰበሰ አካል ግን አንቺንም አይጠብቅሽም። ያኔ የደከምኩላትን አታስቢ፤ ከአንቺ የሚበልጥብኝ ብረት የለም።

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ እመጣለሁ። ክዳኑን እዚህ አፈላልጌ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ አንቺ ቁጥሩን ከአሮጌው ላይ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። መካኒኩ እኔ ሳልደርስ ቴስታታውን እንዳያስር ንገሪው። እናትሽ ቡና ይዘህ ካልተመለስክ ብላኛለች፤ አርብ ከሥራ ስትወጪ ግዥልኝ። እስከዚያ መኪናዋ ትቁም፣ በባጃጅ ተመላለሺ።

አባትሽ፣ ከድሬ